ሐረጎ ላይ የቀረ ጋቢ

ልጄን ሰጥቼ ጋቢ ተከለከልኩ። በጋቢዬ ፋንታ ሽርጥ ሰጡኝ። ሌላው ሁሉ ማብራሪያ ነው፤ የቸኮለ ሰው እዚህ ላይ ቢተወኝ አልቀየመውም። እኔም ማንበብ የተማርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ፣ ረጅም ጽሑፍ እንዴት እንደሚያደክም አውቃለሁ።

ሽርጥ ለማያውቅ ሰው፣ ወንድ ወገቡ ላይ ጠምጥሞ የሚያገለድመው ባለ መስመር ጨርቅ ነው። ቆለኛ ይለብሰዋል። ነፋስ ከታች ይገባበታል። ልብሱን አልነቅፍም፤ የነቀፍኩት ለእኔ መሰጠቱን ነው። እኔ የኩታበር ሰው ነኝ። ኩታበር ከደሴ ወዲያ ያለ ደጋ ነው፤ ጠዋት ሰው ሲያወራ ቃሉ ከአፉ ጢስ ሆኖ ነው የሚወጣው። በአሥራ አምስት ዓመቴ ሥራ ፍለጋ ኮምቦልቻ ወረድኩ፣ ዱቄት ፋብሪካ ገባሁ፣ ጆንያ ስሸከም ይኸው አረጀሁ። ያ ሁሉ ዓመት ሲያልፍ ግን አንድ ቀን እንኳ ቆለኛ ነኝ ብዬ አላውቅም። የሚለኝ ሌላ ሰው ነው። ለበዓል ወደ ኩታበር በወጣሁ ቁጥር ታላቅ ወንድሜ ይመር ከሩቅ ያየኝና “ቆለኛው መጣ” ይላል። ዕድሜ ልኩን አንድ ቀልድ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም በእኔ ላይ ነው። ልጆቹ ተምረውታል። ውሻውም የተማረው ይመስለኛል፤ ለእኔ ሲሆን አጯጯሁ ይለያል።

ስለዚህ ልጄ ሰሚራ ስትታጭ እኔ ያሰብኩት አንድ ነገር ነበር። በእኛ ደንብ የወንዱ ወገን ጥሎሽ ሲያመጣ ለሙሽሪት እናት ቀሚስ፣ ለአባቷ ጋቢ ያመጣል። አባቴ ታላቅ እህቴን ሲድር የተሰጠውን ጋቢ ለብሶ ኩታበር ገበያ የገባ ዕለት በግ ነጋዴው ሁሉ ተነሥቶ ነው ሰላም ያለው። እኔም ጋቢዬን ለብሼ ይመር ደጃፍ ላይ ልቆም ነው። ቆሜ፣ ምንም ሳልናገር፣ ሊያየኝ ነው። ሌላ አባት ስለ ልጁ ኑሮ ያስባል። እኔም አስቤያለሁ፤ ግን ከጋቢው በኋላ።

ጥፋቱ የተጀመረው በራሴ እጅ ነው። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጥሎሹ ሲዘረዘር የሚጽፍ ሰው ተፈለገ። ከመካከላችን መነጽሬን ያልረሳሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ወረቀቱን ሳብኩና መጻፍ ጀመርኩ። ለሙሽሪት ይህን፣ ለእናት ያንን፤ እጄ እንደ ጸሐፊ ይሮጣል። “ለአባት” ላይ ስደርስ ቆመ። ጋቢ ብዬ ብጽፍ፣ እስክሪብቶ በእጁ ስለሆነ ለራሱ ጻፈ ይሉኛል። ሰው ሁሉ ያየኛል። ስለዚህ ጨዋ ልምሰል ብዬ “ለአባት፣ እንደ አገሩ ልብስ” ብዬ ጻፍኩ። አማረኝ። ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ የፈረምኩባቸው ዓመታት አንድም ቀን እንዲህ አልጎዱኝም።

ጥሎሹ መጣ። ያመጡት የሙሽራው አጎት ሐጂ ይማም ናቸው። ደሴ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ግቢያችን መካከል ቆመው፣ ሻንጣውን ከፍተው አንድ በአንድ እያወጡ ያሳዩ ጀመር። የባለቤቴ የዘሀራ ቀሚስ ወጣ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ። እጄን ልዘረጋ ስል አረንጓዴ መስመር ያለው ሽርጥ ወጣ።

“የማን ነው ሐጂ?” አልኳቸው።

“ያንተ ነዋ።”

“ጋቢውስ?”

“የምን ጋቢ? ወረቀቱ እንደ አገሩ ነው የሚለው። አገርህ ኮምቦልቻ ነው፤ ኮምቦልቻ ቆላ ነው። በዚህ ሙቀት ጋቢ አልብሰን አማታችንን እንግደል?”

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሽርጡ ከሱቃቸው የተረፈ ነው ወይ ብዬ ያኔ አልጠየቅኩም። አሁን እጠይቃለሁ።

“ኮምቦልቻ የደሴ አካል ነው ሲሉ አልነበረም እንዴ?” አልኳቸው። “ደሴ ኤርፖርት አላት ብለው ለአዲስ አበባ እንግዳ ሲያወሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ኤርፖርቱ ያለው እዚህ ነው። አውሮፕላን ሲያርፍ ደሴ ነን፤ ጋቢ ሲመጣ ቆላ ነን?”

ሐጂ ወደ ሰማይ ቀና አሉ። “አውሮፕላኑ ጋቢ አይለብስም” አሉኝ።

ይህን ጊዜ የእኔ ወገን ይናገርልኛል ብዬ ዞር አልኩ። የእኔ ወገን ማለት ሁሴን ነው። ሁሴን ጎረቤቴ ነው፤ አብረን ጆንያ የተሸከምን፣ ሽማግሌ ሁነኝ ብዬ ራሴ የመረጥኩት ሰው። ችግሩ ሁሴን የሐርቡ ልጅ መሆኑ ነው። ሐርቡ ታች ነው፣ ሞቃት ነው፣ ሁሴንም ሽርጥ ለብሶ ነው ያደገው። ጎኔ ቆሞ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቷል።

“ሐጂ እውነት ተናገሩ” አለ። “እኔ ስንት ዓመት ስለው የኖርኩትን ዛሬ የደሴ ሰው በአፉ አመነ። ኮምቦልቻ የእኛ ናት። የምንበላው ማሽላ፣ ዘፈናችንም ጭፈራችንም የታች አገር። ደሴ ከላይ ሆና ታየናለች እንጂ ምናችን ናት?”

“ሁሴን፣ አንተ የማን ሽማግሌ ነህ?”

“ያንተ። ግን ስለ አገር ሲሆን ወላሂ መዋሸት አልችልም።” ከዚያ በጣቱ ወደ ግቢዬ ጥግ ጠቆመ። “ደጋ ነው ካልክ ያ ምንድን ነው?”

ፓፓያ ነው። ዘሀራ የተከለችው ነው። ሰባት ፍሬ አንጠልጥሎ፣ በራሴ ግቢ፣ በራሴ ውኃ አድጎ፣ በእኔ ላይ ሊመሰክር ቆሟል። ያን ዕለት መጥረቢያ ይዤ ወጥቼ ነበር። ዘሀራ ግንዱን አቅፋ ቆመች። “መጀመሪያ እኔን ቁረጠኝ” አለችኝ። ቁመቷም ከፓፓያው እኩል ስለሆነ የቱን እንደምቆርጥ ግራ ገባኝና ተመለስኩ። በማግስቱ ከገበያ ገብስ ገዝቼ ከፓፓያው ሥር ዘራሁ። ገብስ ከበቀለ አገሩ ደጋ ነው። የሁሴን ዶሮዎች መጥተው እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ለቀሙት። ዶሮዎቹን ራሱ እንደላካቸው አልጠራጠርም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከግቢዬ ወጣ። ፋብሪካው በር ላይ ያለችው ሻይ ቤት ለሁለት ተከፈለች። ከደሴ ዙሪያ የመጡት በግራ በኩል፣ ከታች ከቃሉ ወረዳና ከሐርቡ የመጡት በቀኝ በኩል ይቀመጡ ጀመር። ስለ ጋቢዬ ማንም አያነሣም፤ ሁሉም ስለ ኮምቦልቻ ነው። የደሴ ዙሪያዎቹ ከተማዋን የቆረቆርናት እኛ ነን ይላሉ። የሐርቡዎቹ እናንተ የመጣችሁት ብርድ ስላባረራችሁ ነው ይላሉ። እኔ ከየትኛው ወገን ልቀመጥ? ግራ ልቀመጥ ስል “ባለ ሽርጡ መጣ” አሉኝ። ቀኝ ልቀመጥ ስል “ሽርጡን የናቀው መጣ” አሉኝ። ሻዬን ቆሜ ጠጣሁ።

የተማረ ሰው ይፍረድ ብዬ ፊደል ያስቆጠረችኝን መምህሬን አልማዝን ሻይ ቤቱ ድረስ ለመንኳት። ልጅ እግር ናት፤ ትዕግሥቷ ግን የአሮጊት ነው፤ “ጨ” እና “ጠ”ን ለይቼ እስክጽፍ ሦስት ወር አልጮኸችብኝም። መጣች፣ ጉዳዩን አዳመጠች፣ ከዚያ ቀስ ብላ፣ “ኮምቦልቻ እኮ ደጋም ቆላም አይደለችም። ወይና ደጋ ናት” አለች።

ሻይ ቤቱ በሙሉ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

“ወይና ደጋ ምን ይለበሳል?” አለ ሁሴን።

አልማዝ አሰበች። “ምናልባት... ሹራብ?”

ግራውም ቀኙም በአንድ ድምፅ ተቃወማት። ተሳስተሽ ነው፣ መጽሐፉ ያረጀ ነው አሏት። የተስማሙበት ቀን ያ ብቻ ነው። እኔም መምህሬን እያከበርኩ ዝም አልኩ፤ ለአባት ሹራብ የሚባል ጥሎሽ ከተጀመረ በእኔ ስም ይጠራል ብዬ ፈራሁ።

ቤት ገባሁና ማልኩ። ጋቢዬ ካልመጣ ኒካሁ ላይ አልቀመጥም አልኩ። ያለ አባት ደግሞ ኒካህ አይታሰርም። የሠርጉ ቀን ተቆርጧል፣ ድንኳኑ ተነግሯል። ሰሚራ ከጓዳ ወጥታ ፊቴ ቆመች።

“አባ፣ የምትድረው እኔን ነው ወይስ ጋቢህን?”

“አንቺን ነው።”

“እና ምንድን ነው ታዲያ? እኔ እገዛልሃለሁ ጋቢውን።”

“የተገዛ ጋቢ ብርድ ይከላከላል” አልኳት። “የተሰጠ ጋቢ ይመርን ይከላከላል።”

እናቷን አየች። እናቷ እኔን አየች። ሁለቱም ወደ ጓዳ ገቡና ሲስቁ ሰማሁ። ሲያለቅሱ ይሆናል ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

መሐላዬን የሰሙት ሐጂ ይማም ለእርቅ ወረዱ። ቀኑ እሑድ ነው፣ ሰዓቱ ስድስት፣ ፀሐይዋ አናት ላይ። እኔም ተዘጋጅቼ ጠበቅኳቸው። የዘሀራን የክረምት ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ግቢው መካከል፣ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ኮምቦልቻ ደጋ ነው ብያለሁ፤ ደገኛ ደግሞ ይበርደዋል።

ሐጂ እንደ ወትሯቸው ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ገቡ። አሰላሙ አለይኩም ተባባልን። ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ያኔ አንድ ነገር ታየኝ።

“ሐጂ፣ አገሩ ቆላ ከሆነ ኮቱን ያውልቁ እንጂ።”

ሐጂ አዩኝ። ኮቱን ካወለቁ የደሴ ትልቅ ሰው በአማት ግቢ በሸሚዝ ተቀመጠ ሊባል ነው። ካላወለቁ ደግሞ በርዷቸዋል ማለት ነው፤ በረዳቸው ማለት ደጋ ነው፤ ደጋ ማለት ጋቢዬ መጣ። ይህን ሁሉ ሲያስቡ ግንባራቸው ላይ አነበብኩት። ማንበብ ጥሩ ነገር ነው።

“ልማድ ነው” አሉ። “አንተስ ብርድ ልብሱን ምነው?”

“በረደኝ።”

“ያ ከአፍንጫህ የሚንጠባጠበው ምንድን ነው?”

“ጉንፋን።”

ተቀመጥን። ማናችንም ላብ አልጠረግንም፤ የጠረገ ተሸነፈ። የእሳቸው ላብ በጢማቸው ወርዶ ኮታቸው ላይ ይንጠባጠባል። የእኔ ጀርባዬን ይዞ ወርዶ የት እንደገባ ለጨዋ አንባቢ አልናገርም። ሁሴን በሽርጡ ሆኖ ፓፓያው ጥላ ሥር ተቀምጦ ያየናል። ነፋስ እየገባበት ነው። በሕይወቴ በሰው ቀንቼ የማውቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የአዛን ድምፅ እስኪሰማ ድረስ እንዲያው ተቀመጥን። ከዚያ ዘሀራ በሁለት እጇ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ይዛ መጣችና መካከላችን ቆመች።

“ሐጂ፣ እርስዎን አከብራለሁ” አለች። “እሱን ደግሞ ስንት ዓመት ችዬዋለሁ። ሁለታችሁም ግቢዬ ውስጥ ብትሞቱ ግን አልቅሼ የምነግራቸው ሰዎች ምን ገደላቸው ሲሉኝ ምን ልበል? ውኃውን ጠጡና ነገ አባ ሙሄ ዘንድ ውጡ።”

ሁለታችንም እኩል ጠጣን። ማን ቀደመ የሚለው እስከ ዛሬ አልተፈታም።

አባ ሙሄ ሐረጎ ላይ የሚኖሩ አዛውንት ናቸው። ሐረጎ ደሴንና ኮምቦልቻን የሚለየው ዳገት ነው፤ መንገዱ እንደ እባብ ነው የሚጠማዘዘው። የተጣላ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ወጥቶ ዱአ ተደርጎለት ታርቆ ይወርዳል። ከዱአ በኋላ የእሳቸውን ቃል የሚያፈርስ ሰው የለም። ሰኞ ጠዋት እኔ፣ ሁሴንና ሐጂ በአንድ ሚኒባስ ተሳፈርን። ሐጂ እግራቸው ሥር ፌስታል አስቀምጠዋል። አጮልቄ አየሁት። አዲስ ጋቢ ነው።

መኪናው ዳገቱን ሲጀምር ሁሴን አዲስ ብልሃት መጣለት። “ሰው መስኮት የሚዘጋበት ቦታ ነው ደጋ የሚጀምረው” አለ። “እንይ። የት እንደሚዘጉ ልብ በሉ።”

እውነቱን ለመናገር ብልሃቱ መጥፎ አልነበረም። ሐጂም ተስማሙ። እኔ ግን ዳገቱ ሳይጋመስ፣ ገና ኮምቦልቻ ከኋላችን ሳትጠፋ፣ መስኮቴን ዘጋሁ።

“ይኸው” አልኩ። “ደጋ።”

ሁሴን እጁን በላዬ አሳልፎ ከፈተው። ዘጋሁት። ከፈተው። ከኋላችን ዶሮ ያቀፉ እናት ነበሩ።

“ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ዶሮዬ ታፍናለች፣ ክፈቱት” አሉ።

“እናቴ፣ ይህ የአገር ጉዳይ ነው” አልኳቸው።

“አገሩ ለዶሮዬ ምኗ ነው? ክፈት ብዬሃለሁ።”

ተከፈተ። ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደወጣን እኚያው እናት ዶሯቸውን በነጠላቸው ጠቀለሉና “አሁን ዝጉት፣ በረዳት” አሉ። ሦስታችንም ዞረን ዶሮዋን አየናት። ሐጂ ለሹፌሩ “እዚህ ጋ ወራጅ አለ” አሉ። የአባ ሙሄ ቤትም እዚያው ኩርባ ላይ ነው።

አባ ሙሄ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። የለበሱት ካባ ከማርጀቱ የተነሣ ከብርሃን ሌላ የሚከለክለው የለም፤ ውጭ ያለው ጉም ገብቶ አጠገባቸው ተቀምጧል። ጉዳዩን ከሥር ከመሠረቱ ነገርናቸው። ወረቀቱን እኔ አነበብኩላቸው። ጋቢውና ሽርጡ ፊታቸው ተቀመጡ።

“ጋቢውን አቀብሉኝ እስቲ” አሉ። “የማላውቀውን ነገር አልፈርድበትም።”

አቀበልናቸው። ዳሰሱት። ዘረጉት። ከዚያ ተከናነቡት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መስሎኝ ነበር።

“ስማ ልጄ” አሉኝ መጨረሻ ላይ። “ወረቀትህ እንደ አገሩ ነው የሚለው። አገርህ ግን ሁለት ነው፤ የተወለድክበት ከላይ፣ ያረጀህበት ከታች። ጋቢውም ሽርጡም ያንተ ነው። ወደ ላይ ስትወጣ ጋቢህን ትለብሳለህ። ወደ ታች ስትወርድ ሽርጥህን ትለብሳለህ። ድንበሩ እዚህ ስለሆነ ጋቢው እዚህ ይቀመጣል። ስትወጣ ትወስዳለህ፣ ስትወርድ ትመልሳለህ።”

“የት ይቀመጣል አባ?” አልኩ።

“እኔ ዘንድ።”

“ምኑ ላይ?”

“እኔ ላይ።”

አፌን ከፍቼ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ለዱአ ዘርግተዋል። ሐጂ አሚን አሉ። ሁሴን አሚን አለ። እኔም አሚን አልኩ፤ ምን ልበል? ስንወጣ ዘወር ብዬ አየሁ። ጋቢዬ እጅግ ያምር ነበር። እሳቸውም ሞቋቸው ነበር።

ኒካሁ ታሰረ። ሰሚራ ደሴ ገባች። ሠርጉ ላይ ሽርጥ ልበስ ተባልኩ፤ ሱሪ ለበስኩ። ጥቂት ሳምንት ቆይቼ ወደ ኩታበር የምወጣበት ቀን ደረሰ። ሐረጎ ላይ ወርጄ ጋቢዬን ጠየቅኩ። አባ ሙሄ ቀስ ብለው አወለቁት፤ ልጅ የሚነጠቁ ይመስሉ ነበር። “ከመግሪብ ሶላት እንዳትዘገይ” አሉኝ።

ደሴን አልፌ ኩታበር ገባሁ። ጋቢውን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ወደ ይመር ማሳ ሄድኩ። እኩለ ቀን ነው፤ ገብስ እየታጨደ ነው። አጫጆቹ ሁሉ፣ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ፣ በሸሚዝ ናቸው። እጀታቸውን ሰብስበዋል። አንዱ ደረቱን ከፍቷል። በዚያ ሁሉ ማሳ ውስጥ በቀትር ጋቢ የተከናነበ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። እውነቱን ልናገር? በርዶኝ ነበር። አጥንቴ ድረስ በርዶኝ ነበር።

ይመር ማጭዱን ይዞ ቀና አለ። ከእግር እስከ ራስ አየኝ። ጋቢውን አየ። እስከ አፍንጫዬ የተከናነብኩትን አየ። የጠበቅኩት ሰዓት ይኸው ደረሰ አልኩ።

“ቆለኛው መጣ” አለ። ከዚያ ወደ ቤቱ ዞሮ ባለቤቱን ጠራት። “ኧረ እሳት አንድዱለት፣ ሰውዬው ሊሞትብን ነው።”

ውሻውም ጮኸ።

እሳቱ ዳር ተቀመጥኩ፣ ያቀረቡልኝን በላሁ፣ ተነሣሁ። ሐረጎ ላይ ጋቢውን ለአባ ሙሄ ራሴ አለበስኳቸው። “ከእንግዲህ ልወስደው አልመጣም” አልኳቸው። ረጅም ዱአ አደረጉልኝ፤ በእርቁ ቀን ካደረጉት የሚረዝም። ኮምቦልቻ ስደርስ ሙቀቱ በር ላይ ተቀበለኝ። ሽርጡን ከሳጥን አወጣሁ፣ አገለደምኩት፣ ፓፓያው ሥር ተቀመጥኩ። ነፋስ ገባ። ሁሴን በአጥር በኩል አየኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ዘጋ። ዘሀራ አንድ ፓፓያ ቆርጣ ሰጠችኝ።

ሐጂ ይማም እንዳይሰሙ እንጂ ሽርጡ ይመቻል።

ኮምቦልቻ ቆላ ናት። የፈረድኩትም ራሴ ነኝ፤ ኅዳር አሥራ ሰባት ቀን፣ ሐሙስ፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ፓፓያው ሥር።